ከረጅሙ ቃል ውስጥ አጭሩን መፈለግ

በአማርኛ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምር የቃላቱ ርዝመት ያስደነግጠዋል። በእኛ ጽሑፍ «ቡና» ሁለት ፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ተሸክሞ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ግን አናባቢው ለብቻው ስለሚቆም ያው «ቡና» አራት ይሆናል። የመድኃኒት ስም ሲሆን ደግሞ 13 ፊደል የሚደርስ አለ። እንዲህ ያለውን ቃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማንበብ ስንታገል ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጠን ዕቃውን እንመልሰዋለን። በመካከሉ የምናውቃቸውን አራት ወይም አምስት ፊደላት መፈለግ ይቀላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይበቃል።

ፊደል ከፊደል እያገናኙ ቃል መፈለግን ፈረንጆች ጨዋታ አድርገውታል። «ስክራብል» ይሉታል። መሠረቱን የጣለው አልፍሬድ በትስ የተባለ አሜሪካዊ አርክቴክት ሲሆን፣ ጊዜውም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጠፋበት ወቅት ነበር። የትኛው ፊደል ምን ያህል እንደሚደጋገም ለማወቅ ጋዜጣ ዘርግቶ ቆጠረ። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ካሉት 100 ጠጠሮች 12ቱ ኢ የተጻፈባቸው ናቸው። ኪው ግን አንድ ብቻ ናት፣ ዋጋዋም 10 ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ያለ ዩ የምትሄድበት ቃል ጥቂት ነው። እኛ «ኳታር» እያልን የምንጠራት አገር ስም ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከኪው ቀጥሎ ዩ የለበትም። (የአገር ስም በጨዋታው ስለማይፈቀድ ነጥብ አያስገኝም እንጂ!)

ወደ ቤታችን እንመለስ። ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠው ፓናዶል በውስጡ ያለው መድኃኒት ፓራሲታሞል ይባላል። አሜሪካኖች ይህንኑ መድኃኒት አሲታሚኖፌን ይሉታል፤ ታይሌኖል የሚባለው እርሱ ነው። ሁለቱ ስሞች ሲነበቡ አይመሳሰሉም። ሲጻፉ ግን በሁለቱም ውስጥ እነዚህ ስድስት ፊደላት በዚሁ ቅደም ተከተል ይገኛሉ፦ ኤ፣ ሲ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤም። እነዚህን ስድስቱን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትልቁም በትንሹም፣ በደብተራችሁ ላይ ጻፏቸው። ከዚያ የጉንፋን ክኒን፣ የሕፃን ሽሮፕ፣ የወገብ ሕመም መድኃኒት በሚቀመጥበት መሳቢያ ውስጥ ያሉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ተመልከቱ። በስንቱ ላይ እንደምታገኟቸው ትገረማላችሁ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለ 500 ሚሊግራሙ ፓራሲታሞል ከስምንት ክኒን በላይ አይፈቀድም፤ ከዚያ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። ትኩሳት ይዟት ፓናዶል የወሰደች እህት፣ አፍንጫዬ ተደፈነ ብላ የጉንፋን ክኒን ብትጨምርበት ያንኑ መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰዷ ሊሆን ይችላል። ለሕፃንም እንዲሁ ነው። ማዳም ጠዋት አንዱን ሽሮፕ ሰጥታ ከሄደች፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ስም ያለውን ከማንሳታችሁ በፊት ስድስቱን ፊደላት ፈልጉ። ካገኛችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባት ደግሞ ሲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል፣ አይ፣ ኤን የሚለውን ትያዝ። አምፒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን ሁሉም በዚህ ያበቃሉ። አንዳንዱ መድኃኒት በትልቁ የሚጻፈው ስሙ ይህን አያሳይም። ለምሳሌ ኦግመንቲን ውስጥ አሞክሲሲሊን አለ፤ የሚገኘው ግን ከስሙ በታች በደቃቁ ከተጻፈው ላይ ነው። እዚያ ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። ሐኪሙም አለርጂ እንዳለባችሁ አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ መታጠቢያ ቤት። አገር ቤት በረኪና የምንለው፣ እዚህ «ክሎሮክስ» የሚባለው ፈሳሽ በጠርሙሱ ጀርባ «ሶዲየም ሃይፖክሎራይት» ተብሎ ይጻፋል። መያዝ ያለበት መካከሉ ነው፦ ሲ፣ ኤች፣ ኤል፣ ኦ፣ አር። ይህ ያለበት ጠርሙስ «አሲድ» ከሚል ሌላ ጠርሙስ ጋር ከተቀላቀለ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «አሞኒያ» ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶ ሲሠራ ሳንባን እስከ መጉዳት፣ ሕይወትንም እስከ ማሳጣት ይደርሳል። እዚህ ላይ አንድ ማደናገሪያ አለ። አንዳንድ የሽንት ቤት ማጽጃ «ሃይድሮክሎሪክ አሲድ» ይላል፤ እርሱም አምስቱን ፊደላት ይዟል። ስለዚህ አምስቱን አግኝታችሁ አትቁሙ፤ ኤ፣ ሲ፣ አይ፣ ዲ የሚሉት አራቱ ከጎኑ መኖራቸውንም እዩ። በስሕተት ከተቀላቀለና ዓይንና ጉሮሮ ማቃጠል ከጀመረ፣ ዕቃውን ለማንሳት ሳትቆዩ ወጥታችሁ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ፤ መተንፈስ ካስቸገረ ወደ ድንገተኛ እርዳታ ይደወላል።

ፊደል ፍለጋው የሚያሳስትበት ቦታም አለ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ባለበት ቤት ኤን፣ ዩ፣ ቲ የሚሉትን ሦስቱን መፈለግ ጥሩ ነው። ኦቾሎኒም ዋልነትም ሄዝልነትም በዚያ ያበቃሉ። ነገር ግን የምግብ ይዘት የሚዘረዘርበት ሰንጠረዥ ርዕሱ «ኒውትሪሽን» ስለሆነ፣ እነዚሁ ሦስት ፊደላት በየካርቶኑ ላይ አሉ። በተቃራኒው አልመንድና ካሹ ሦስቱ ፊደላት የሉባቸውም፤ የማይስማማቸው ልጆች ግን አሉ።

በጾም ወራት ብስኩት ስትገዙም እንዲሁ ነው። «ሚልክ» የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን። ኤል፣ ኤ፣ ሲ፣ ቲ ካያችሁ ደግሞ የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ ሊሆን ይችላል። «ላክቲክ አሲድ» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ከዕፅዋት ስለሚሠራ ወዲያው አያስጥልም። «ዌይ» እና «ኬዚን» የሚባሉት ከወተት የሚወጡ ናቸው፣ አራቱ ፊደላት ግን የሉባቸውም፤ ሁለቱን እንዳሉ በቃል መያዝ ነው።