ቀይ ወይን ከክትፎና ከቆጮ ጋር

እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት፣ ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ የወይን ጠጅ ሳይንስ ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀረበላቸው፤ እነሱም ሽታውን ቀይ ወይን በሚገለጽባቸው ቃላት ገለጹት። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ወይንን ከምግብ ማስማማት ከይስሙላ በቀር ምን እውነት አለው?» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ጥናቱ ያጋለጠው ለሽታ ስም ስንሰጥ ዓይናችን እንደሚመራን ነው። ዲላ ውስጥ ለእራት አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሲከፈት ግን ወሳኙ በምላስና በድድ ላይ የሚሰማው ነገር ነው፤ መድረቁ፣ ማቃጠሉ፣ መለስለሱ። ይህ ደግሞ ለሽታ ስም ከመስጠት የተለየ ነገር ነው።

ቀይ ወይን የሚብላላው ጭማቂው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ሳይለይ ስለሆነ ታኒን የሚባለው ጎምዛዛ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። ታኒን ምራቅን የሚያለሰልሱትን ፕሮቲኖች ይዞ ያጓጉላቸዋል፤ አፍ ይደርቃል፣ ድድ ይጨማደዳል፣ ምግብ ሳይቀመስ በላይ በላዩ ከተጠጣም ስሜቱ እየበረታ ይሄዳል። አልኮል የማይጠጣ አንባቢም ስኳር በሌለው ወፍራም ሻይ ሊሞክረው ይችላል፤ ጥቂት ወተት ሲጨመርበት ጉምዝዝታው ይበርዳል፣ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋልና። በክትፎ ሳህን ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት አይቡና ሥጋው ናቸው፤ ንጥር ቅቤው አፍን ያለሰልሳል፣ ወይኑ ደግሞ ቅባቱን ጠርጎ ምላስን ለሚቀጥለው ጉርሻ ያዘጋጃል። ቆጮውም የራሱ ድርሻ አለው። ጌዴኦዎች ዋሳ የሚሉት ይህ የእንሰት ምግብ ሲብላላ ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ያኮመጥጡታል። ኮምጣጣ ምግብ የወይኑን አሲድ ስለሚያደበዝዘው፣ አሲዱ ደካማ የሆነ ወይን ከቆጮ ጋር ለዛውን ያጣል። የይርጋጨፌን ቡና እያጣጣመ ላደገ ሰው ደስ የሚል ኮምጣጣነትን መለየት አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

ከባዱ ተቃውሞ ሚጥሚጣ ነው፤ የእኛ ምግብ ያቃጥላል። ቃጠሎን ለአንጎል የሚያሳውቀው የነርቭ ተቀባይ በተለመደው ሁኔታ የሚነቃው ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። አልኮል ይህን ወደ 34 ዲግሪ ያወርደዋል፤ የአፋችን የራሱ ሙቀት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሚጥሚጣው ያንኑ ተቀባይ ስለሚቀሰቅስ ሁለቱ ሲገናኙ ቃጠሎው ይደራረባል። ስለዚህ በርበሬው ለበዛ ዶሮ ወጥ ታኒኑና አልኮሉ የበረታ ቀይ ወይን አልመርጥም፤ ለስለስ ያለና ጣፋጭነት ያለው ይሻለዋል። በክትፎ ላይ ግን አይብና ቅቤ ቃጠሎውን ስለሚያበርዱት ሚጥሚጣውን መጠነኛ ማድረግ ይበቃል። «ጣዕም እንደየሰው ነው» የሚለውም ከፊል እውነት ነው፤ የምራቅ መጠን ከሰው ሰው ስለሚለያይ ጉምዝዝታው የሚሰማን በተለያየ ልክ ነው፤ ታኒን ምራቅን መያዙ ግን ለሁላችንም አንድ ነው።

ውድ ወይን መፈለግም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመና ዋጋ ተደብቆ የተካሄዱ ከ6,000 በላይ ቅምሻዎችን የመረመረ ጥናት፣ ሥልጠና የሌላቸው ቀማሾች ውዱን ከርካሹ አብልጠው እንዳልወደዱ አሳይቷል። ከዲላ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በባቱ ከተማ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ለዚህ ገበታ ይበቃል። ከመክፈትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት፤ ሲሞቅ አልኮሉ ይጎላል። ሚጥሚጣውንም ለብቻው በጎን ያቅርቡት።