ዘር አማና ነው



ገበሬ በገዛ እጁ አዝመራውን ያቃጥላልን? እ.ኤ.አ. በ2016 በባንግላዴሽ የሆነው ይኸው ነው። በስምንት አውራጃዎች፣ 15 ሺህ ሄክታር በሚሆን ማሳ ላይ የነበረ ስንዴ ዛላው ድንገት ነጣ፤ ሲፈለፍሉት ፍሬው የቀጨጨ ወይም ባዶ ገለባ ሆኖ ተገኘ። በሽታው እንዳይዛመት ሲባል አንዳንዱ ማሳ በእሳት ጋየ።

የስንዴ ብላስት የሚባለውን ይህን በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1985 በብራዚል፣ ፓራና በተባለው ግዛት ሲሆን ሠላሳ ዓመት ያህል ከደቡብ አሜሪካ አልወጣም ነበር። ታዲያ ውቅያኖሱን ምን አሻገረው? ተመራማሪዎች የፈንገሱን ዘረ መል ሲመረምሩ ከደቡብ አሜሪካው ጋር አንድ ወገን ሆኖ አገኙት። ፈንገሱ በዘር ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚጓዝ፣ ከዚያ የመጣ የስንዴ ጭነት ሳያመጣው እንዳልቀረ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በዛምቢያ ታየ።

«ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር በቆሎን ያስታውስ። ሁለት ቫይረሶች ተባብረው የሚያመጡት፣ በቆሎን የሚያደርቀው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ ታይቶ በ2014 አገራችን ገብቷል። ከማሳ ማሳ ነፍሳት ያዛምቱታል፤ ከአገር አገር ግን የተበከለ ዘር ሊያደርሰው ይችላል።

የዘር ልውውጥ ጥፋት ነው ማለታችን አይደለም። በቆሎም ቢሆን የመጣልን ከባሕር ማዶ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ሲበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት አስተምረዋል። ነገር ግን የታመመ ግመል ከጤነኛው ጋር እንዳይቀላቀልም አዘዋል። በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰድደው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜም፣ ሻጩ ጉድለቱን ለምን ከላይ እንዳላሳየ ጠይቀው ማታለልን አውግዘዋል።

ዘርም እንዲሁ ነው። ከላይ ሲያዩት ያማረው ፍሬ ውስጡ በሽታ ይዞ ይሆናል፤ ዓይን የማያየውን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ስንመለስ «ለእናቴ ጓሮ» ብለን የቋጠርናት እፍኝ ዘር ቀላል ነገር አይደለችም። ለኳራንቲን ሠራተኛ ሳናሳይ ብንደብቃት ብልጠት አይደለም፤ የጎረቤታችንን እንጀራ አደጋ ላይ መጣል ነው። ከታመመ ማሳም ዘር አንያዝ፤ ለዘመድ ለወዳጅም አናበድር። ይህን ለገበሬ ወላጆቻችን ማስረዳት የተማርነው የእኛ ድርሻ ነው።

ሰበቡን አድርሰን በአላህ እንመካ። አላህ አዝመራችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።