ከአርበኞቻችን ጋር የተሰለፈ ጣሊያናዊ



የካቲት 12 በደረሰ ቁጥር እዚህ ቀበና ተማሪዎቼ «ጣሊያን ሁሉ ፋሺስት ነበር ወይ?» ይሉኛል። የግራዚያኒን ስም ሁሉም ያውቃል፤ የኢሊዮ ባሮንቲኒን ግን የሚያውቅ የለም።

ይህ ሰው በ1913 ዓ.ም. ሊቮርኖ ላይ ከተቋቋመው የኮሙኒስት ፓርቲ መሪዎች አንዱ ነበር። በ1929 ዓ.ም. በስፔን ጓዳላሃራ የሙሶሊኒን ጦር ተዋጋ። በ1931 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ፣ ኋላ ከተከተሉት ከብሩኖ ሮላና ከአንቶን ኡክማር ጋር አርበኞችን የሽምቅ ውጊያ አስተማረ። የምስጢር ስማቸው ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ነበር፤ ሃይማኖት የለንም ባዮች የሐዋርያትን ስም መያዛቸው ፈገግ ያሰኛል። በኋላም በአገሩ የፀረ ፋሺስት ተዋጊዎችን መርቶ፣ ሴናተር ሳለ በጥር 1943 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ።

የኮሙኒስት ትምህርት ለእኔ አይስማማኝም፤ ውለታው ግን ውለታ ነው። ከጎጃም አርበኞች ልጆች መካከል ስለ ሦስቱ ከአባቱ የሰማ ቢኖር በዚሁ ዓምድ ይጻፍልን፤ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

አንድ መምህር፣ ከቀበና