በየዕለቱ የሚፈጸም እምነት

ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ ወደ ምዕራብ ያቀና መንገደኛ ቦረማን ያገኛል። በዚያች ከተማ ወይዘሪት አናሌና ቶኔሊ የተባሉ ኢጣሊያዊት ክርስቲያን የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞችን ያስታምሙ ነበር።

ይህ ሕክምና ወራት ይፈጃል፤ ሕመምተኛው ግን ሳሉ ጋብ ሲልለት መድኃኒቱን ይተዋል፤ በሽታውም በርትቶ ይመለሳል። ስለዚህ ወይዘሪት አናሌና ሕመምተኛው ክኒኑን ሲውጥ በየዕለቱ እንዲታይ አደረጉ። ሕመምተኞቻቸው ሙስሊሞች ነበሩ፤ እርሳቸውም እምነታቸውን በማስታመም ገለጹ።

በ1995 ዓ.ም. የናንሰን የስደተኞች ሽልማት ተሰጣቸው፤ መስከረም 24 ቀን 1996 ዓ.ም. በሆስፒታላቸው ግቢ በጥይት ተገደሉ።

ውድ የሠራዊታችን አባላትና ባለቤቶቻቸው! ለታመመ ጎረቤት ውሃና ክኒን ማቀበል ቀላል ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው ነገም ከነገ ወዲያም ሳይታክቱ ሲደግሙት ነው።