ያማረ ፈገግታን የሚወስነው ማን ነው? ሐኪሙ ወይስ የጥርሱ ባለቤት?

በሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ያለች ክፍተት በስዋሂሊ ‘ምዋንያ’ ትባላለች። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ፍንጭት ጥርስን የውበት ምልክት አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ናቸው። በሕክምናው ቋንቋ ግን ስሟ ‘ዳያስቴማ’ ሲሆን፣ በሽቦ ወይም በሌላ ዘዴ ልትዘጋ የምትችል ክፍተት ናት።

ሐኪምና ታካሚ አንድን ፈገግታ ለምን በተለያየ ዓይን ያዩታል?

በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያኑ 1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የፈገግታ ፎቶግራፎችን በጥቂት ሚሊ ሜትር እየቀያየሩ ለባለሙያዎችና ለሌሎች ሰዎች አሳይተው ነበር። የላይኛው የፊት ጥርሶች መሃል በ4 ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ ጥርስ የማስተካከል ስፔሻሊስቶች እንደ ጉድለት ቆጠሩት። ጠቅላላ የጥርስ ሐኪሞችና ሙያው የሌላቸው ተሳታፊዎች ግን ልብ አላሉትም።

የሠለጠነ ዓይን የጥርስን ርዝመት፣ የድድን መስመርና የግራ ቀኙን ሚዛን ለየብቻ ይመዝናል። ሌላው ሰው ግን ፊትን በጠቅላላው ያያል።

ልዩነቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይከሰታል። በኬንያም በኢትዮጵያም የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጥርሳቸው በሚፈጠርበት ዕድሜ ከዚህ የበዛ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ የሚጠጡ ሕፃናት ጥርስ ሊበልዝ ይችላል። ቀላል የሆነው ብልዘት ለማኘክ ባያስቸግርም፣ ባለቤቱን ግን አፉን በእጁ ሸፍኖ እንዲስቅ ሊያደርገው ይችላል።

የውበት መለኪያው ራሱም ጸንቶ አይኖርም። በኬንያ የሉኦ ማኅበረሰብ ስድስት የታች የፊት ጥርሶችን ማውለቅ በቀደመው ዘመን የአዋቂነት ምልክት ነበር። በኢትዮጵያም ሴቶች ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር።

ጉዳዩ የምርጫ ብቻ አይደለም። ስስ ሰው ሠራሽ ሽፋን ለመለጠፍ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጥርሱ የላይኛው ጠንካራ ክፍል ይሞረዳል። ይህ ክፍል ደግሞ መልሶ አያድግም።

ስለዚህ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ታካሚው መስታወት ይዞ ያላስደሰተውን ነገር ለሐኪሙ ቢያሳይ፣ ችግሩ የጤና ነው ወይስ የመልክ ብሎም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ድድ ሲደማ፣ ጥርስ ሲያም ወይም ማኘክ ሲያስቸግር ግን የሐኪሙን ዓይን ማመን ይበጃል።