የመስክ ማያ፦ ለቪዲዮ ካሜራ ተጨማሪ ማያ በመምረጥ ረገድ የሚያስፈልጉ ቃላትና ጽንሰ ሐሳቦች

1. የጉዳዩ አነሣሥ

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ሞኒተር፣ ኬብል የሚሉት ቃላት ከዕቃው ጋር መጥተው ከዕቃው ጋር ተለምደዋል። ይህ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ባለሙያው ዕቃውን በእጁ ይዞ ስለሚናገር ሰሚው አይሳሳትም። ችግሩ የሚነሣው ቃሉ ከአፍ ወጥቶ ወደ ወረቀት ሲገባ፣ ይኸውም የግዥ ዝርዝር፣ የአጠቃቀም መመሪያ ወይም የማስተማሪያ ጽሑፍ ሲተረጐም ነው። በአፍ ሲነገር በጣት ተጠቁሞ የሚታረመው አሻሚነት በወረቀት ላይ አራሚ የለውም።

ለምሳሌ ያህል ጎንደርን እንውሰድ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በጥር ወር ሰማይዋ ጥርት ያለ፣ ፀሐይዋም የምታጥበረብር ናት። የሠርግ ወራትም፣ የጥምቀት በዓልም የሚውሉት በዚሁ ወር ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ በማግሥቱ ሌሊት በጨለማ የተጀመረው ጸሎት ነግቶ ባሕሩ ተባርኮ ሕዝቡ ውሃው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይዘልቃል። በማራኪም ሆነ በፒያሳ የሚሠራ ቪዲዮ አንሺ በዚያች ጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሻማ ብርሃን እስከ ረፋድ ፀሐይ፣ ከዛፍ ጥላ እስከ ነጭ ነጠላ ያለውን ሁሉ መቅረጽ ይኖርበታል። በካሜራው ጀርባ ያለችው ትንሽ መስኮት በፀሐይ ስትጠፋበት፣ ከካሜራው ጋር የሚገናኝ ሌላ ማያ ያስፈልገዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዕቃ ለመምረጥ የሚያስፈልጉትን ጽንሰ ሐሳቦች ለይቶ ለእያንዳንዳቸው ተስማሚ የአማርኛ ስያሜ መጠቆም ነው።

2. ስለ ስያሜው

ሞኒተር የሚለው ቃል መሠረቱ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «የሚያስጠነቅቅ፣ የሚያሳስብ» ማለት ነው። ተማሪ ቤት የገባ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ መምህሩ በሌለበት ክፍሉን የሚጠብቀውና የረበሸውን ጽፎ የሚያስረክበው ልጅ «ሞኒተር» ይባላል። የምስል ሞኒተርም ሥራው ይኸው ነው፤ ካሜራው የሚቀዳውን እየተከታተለ ስሕተቱን ለባለሙያው ያሳብቃል። ተመልካችን ለማስደሰት ቀለሙን የሚያሳምር ዕቃ ይህን ሥራ አይሠራም።

ስለሆነም ሦስት ተቀራራቢ ነገሮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው ምስሉ የሚያርፍበት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ይህ «ማያ ገጽ» በመባል እየተለመደ መጥቷል። ሁለተኛው ለሌሎች ለማሳየት የተዘጋጀ መሣሪያ ነው፤ «አሳየ» ከሚለው ግስ «ማሳያ» ቢባል ይስማማዋል። ሦስተኛው ባለሙያው ራሱ አይቶ የሚፈርድበት መሣሪያ ነው፤ ይህም «አየ» ከሚለው ግስ «ማያ» ሊባል ይችላል። በማያና በማሳያ መካከል ያለው የ«ሳ» ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ማን ለማን እንደሚያይ የሚለየው እርሱ ነው።

«መስክ» የሚለው ቅጽልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛው «ፊልድ ሞኒተር» በርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ውስጥ ሲገኝ ሰው ነው፤ «የመስክ ተቆጣጣሪ» ተብሎ ይተረጐማል። በቪዲዮ ሙያ ግን ዕቃ ነው፤ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚሠራ ሥራ የተዘጋጀ ማያ ማለት ነው። በዚሁ ሙያ ውስጥ ደግሞ «ፊልድ» ሌላ ሦስተኛ ፍቺ አለው፤ አንድ ምስል ኢተጋማሽና ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው መስመሮች ተከፍሎ በተራ ሲታይ እያንዳንዱ ክፋይ «ፊልድ» ይባላል። ይህኛው «መስክ» ተብሎ ቢተረጐም አንባቢውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል፤ «ግማሽ ምስል» ቢባል ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው አሻሚነት ያለው «የውጭ ማያ» በሚለው አተረጓጐም ነው። ተርጓሚው ከካሜራው አካል ውጭ ያለ ማለቱ ነው። ሆኖም በአማርኛ «የውጭ ዕቃ» ሲባል ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ስለሆነ፣ የግዥ ሠራተኛው የአምራቹን አገር የሚወስን ግዴታ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «ውጫዊ» ማለትም ከቤት ውጭ የሚሠራ ከማለት ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ «ተጨማሪ ማያ» ወይም «ተቀጥላ ማያ» ማለት ይበጃል። «ተቀጽላ» የሚለው ግን በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የሚኖረው ተክል ስም ስለሆነ ለዚሁ ቢተው መልካም ነው።

3. «ጥራት» የሚለው ቃል የሚያደርሰው ጉዳት

«ጥራት» ከ«ጠራ» የወጣ ነው። የጠራ ውሃ፣ የጠራ ሰማይ እንዲሉ መነሻው ድፍርስ አለመሆንን ያመለክታል። ከዚያ ሰፍቶ የማንኛውንም ነገር መልካም ደረጃ የሚገልጽ ሆኗል። በዚህ የተነሣ በማያ ዝርዝር ውስጥ የነጥቦች ብዛት፣ የብርሃን መጠን፣ የቀለም ትክክለኛነትና የአሠራር ጥንካሬ ሁሉ «ጥራት» እየተባሉ ይገባሉ።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ተቋም «ከፍተኛ ጥራት ያለው የ7 ኢንች ማያ» የሚል ዝርዝር አወጣ እንበል። አቅራቢው 1920 በ1200 ነጥብ ያለው፣ ነገር ግን ብርሃኑ 250 ኒት ብቻ የሆነ ዕቃ ቢያቀርብ ውሉን አፍርሷል ለማለት አይቻልም። ጉድለቱ የሚታወቀው በከተራ ዕለት፣ ሕዝቡ አደባባይ ከወጣ በኋላ ነው። በዓሉ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚመጣ እንደገና እንቅረጸው አይባልም።

የነጥብ ብዛት ዋጋው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በስሌት ማሳየት ይቻላል። ጤነኛ ዐይን ሁለት ነጥቦችን የሚለየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ወደ አንድ የዲግሪ ስድሳኛ ሲደርስ ነው። በግማሽ ሜትር ርቀት ይህ በአንድ ኢንች ወደ 175 ነጥብ ይሆናል። በ7 ኢንች ገጽ ላይ 1280 በ800 ነጥብ በአንድ ኢንች 215 ያህል፣ 1920 በ1200 ደግሞ 323 ያህል ይመጣል። ሁለቱም ዐይን ከሚለየው በላይ ናቸው። ስለሆነም በዚህ ርቀት ለሚሠራ ሰው ለተጨማሪ ነጥብ የሚከፈለው ገንዘብ ለብርሃን ቢውል ይሻላል።

በዚህ ረገድ «ባለ 4ኬ» የሚለውም አባባል መለየት አለበት። አንድ ማያ የ4ኬ ምልክት «ይቀበላል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ 4ኬ ነጥብ «ያሳያል» ማለት ሌላ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ማያዎች የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያደርጉም። ተርጓሚው ግሱን ከዘለለ ዕቃው ይለወጣል።

4. ጸዳልና ከለላ

ለብርሃን መጠን በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጡት «ብሩህነት»፣ «ድምቀት» እና «ፍካት» ናቸው። ነገር ግን «ደማቅ ቀይ» ስንል ቀለሙ የጠለቀውን፣ «ፈካ ያለ ሰማያዊ» ስንል ወደ ነጭ ያዘነበለውን ማለታችን ነው። ሁለቱም የቀለም ጠባይ ገላጮች ናቸው። «ብሩህነት» ዐይን ለሚሰማው ስሜትና በማያው ላይ ለሚዞረው ማስተካከያ ቢቀር፣ በመሣሪያ ለሚለካው መጠን የግእዙ «ጸዳል» ቢወሰድ መደባለቁ ይቀራል። መለኪያው ካንዴላ በካሬ ሜትር ሲሆን በሙያው ቋንቋ «ኒት» ይባላል።

የጸዳል ቁጥር ብቻውን ግን ትርጉም አይሰጥም። ወሳኙ በማያ ገጹ ላይ ከሚወድቀው የፀሐይ ብርሃን ጋር ያለው ምጣኔ ነው። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ሊጠጋ ይችላል። ማያ ገጹ ከዚህ 2 በመቶውን ብቻ በየአቅጣጫው ቢበትን ወደ 640 ኒት የሚሆን ነጭ ጭጋግ በምስሉ ላይ ይደረባል። የማያው ጸዳል 250 ኒት ከሆነ ነጩ 890፣ ጥቁሩ 640 ሆኖ ይታያል፤ ምጣኔውም 1.4 ለ1 ብቻ ነው። ምስሉ ጠፋ ማለት ይቻላል። ጸዳሉ 2,500 ኒት ቢሆን ምጣኔው ወደ 4.9 ለ1 ያድጋል።

አሁን ጸዳሉ 250 ኒት በሆነው ማያ ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ወደ አንድ አሥረኛ የሚቀንስ ጥላ እናድርግበት። ጭጋጉ 64 ኒት፣ ነጩ 314 ኒት ይሆናል፤ ምጣኔውም ያው 4.9 ለ1 ነው። ይኸውም አሥር እጥፍ ጸዳል የሚሠራውን ሥራ ጥቁር ጨርቅ ሠራው ማለት ነው። የቀድሞ ፎቶ አንሺዎች በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው የሚያነሡት፣ ዛሬም ቪዲዮ አንሺው በፀሐይ ጊዜ ጋቢውን በራሱና በካሜራው ላይ የሚጥለው ስለዚህ ነው።

ለዚህ ጥላ ስም ሲፈለግ «ድባብ» የሚለው ቃል ሊያጓጓ ይችላል። ሆኖም ድባብ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋ የክብር ጥላ ነው፤ በዛሬው ጽሑፍ ደግሞ የአንድን ሁኔታ መንፈስ ለመግለጽ ተለምዷል። በጥምቀት ዕለት ሁለቱ በአንድ ስፍራ ስለሚገኙ ስሙን መጋራታቸው ነውርም፣ ግራ አጋቢም ይሆናል። «ከለላ» ቢባል በቂ ነው።

5. አጋላጭ ምልክቶች

ማያው ምስሉን ከማሳየት አልፎ ስሕተትን የሚጠቁሙ ምልክቶችን ያሳያል። በግዥ ጊዜ ስለነዚህ መጠየቅ ከነጥብ ብዛት የበለጠ ይጠቅማል።

ብርሃን ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ በምስሉ ላይ የሚወጣው ዥጉርጉር ምልክት በእንግሊዝኛ «ዜብራ» ይባላል። ቃል በቃል «የሜዳ አህያ» ብሎ መተርጐም መሣለቂያ ያደርጋል። የመገረፍ ምልክትን የሚያመለክተው «ሰንበር» ቅርጹንም፣ አስጠንቃቂነቱንም ስለሚገልጽ «የሰንበር ምልክት» ይባል። ነጭ ለብሶ የወጣ ሕዝብ በሚቀረጽበት ስፍራ የነጠላው ጥለትና እጥፋት በብርሃን እንዳይበላ የሚጠብቀው ይህ ምልክት ነው።

እያንዳንዱን የብርሃን ደረጃ በተለየ ቀለም የሚቀባው ዘዴ «ሐሰተኛ ቀለም» ተብሎ ቢተረጐም አይበጅም፤ አንባቢው የቀለም ብልሽት ይመስለዋል። ቀለሙ ደረጃውን ወክሎ የቆመ ስለሆነ «ውክል ቀለም» ይባል። በትኩረት ውስጥ ያሉትን ጠርዞች በቀለም የሚያቀልመው ደግሞ «የትኩረት ጠርዝ አመልካች» ቢባል ሥራውን ይገልጻል።

6. መስመርና ኀይል

ምልክቱ ከካሜራ ወደ ማያ የሚሄደው በኤችዲኤምአይ ወይም በኤስዲአይ መስመር ነው። የመጀመሪያው በአነስተኛ ካሜራዎች የተለመደ ሲሆን ለአጭር ርቀት ይስማማል፤ መሰኪያውም ቁልፍ ስለሌለው በግፊያ መካከል ሊነቀል ይችላል። ሁለተኛው ዞሮ በሚቆለፍ መሰኪያ ይገናኛል፤ ብዙ ሜትርም ይሄዳል። እነዚህ የደረጃ ስሞች ስለሆኑ ሳይተረጐሙ በፊደላችን መጻፍ አለባቸው።

የጸዳል ዋጋው ኀይል ነው። 7.2 ቮልትና 6.6 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ወደ 47.5 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 16 ዋት የሚበላ ማያ በርሱ ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል። የሌሊቱን ጸሎት ጀምሮ ረፋዱን የሚጨርስ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ባትሪ መያዝ አለበት። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆኑት የሰሜን ተራሮች ደግሞ ቅዝቃዜው የባትሪውን አቅም ይቀንሳል፤ የአየሩ ስስነትም የማያውን መቀዝቀዝ ያዘገያል።

7. የተጠቆሙ ቃላት

ማያ ገጽ፦ ምስል የሚያርፍበት ገጽ።
ማሳያ፦ ምስልን ለሌሎች ለማሳየት የተዘጋጀ መሣሪያ።
የመስክ ማያ፦ ከስቱዲዮ ውጭ ባለሙያው የሚቀረጸውን የሚከታተልበት መሣሪያ፤ በንግግር ሞኒተር።
ማመሳከሪያ ማያ፦ ቀለሙ በልክ የተስተካከለ፣ ለመጨረሻ ፍርድ የሚያገለግል የስቱዲዮ ማያ።
ተቀጥላ ማያ፦ ከካሜራው አካል ተለይቶ የሚገናኝ ማያ።
ግማሽ ምስል፦ በመስመር ተከፍሎ በተራ የሚታይ የምስል ክፋይ።
የነጥብ ብዛት፦ በአግድምና በቁም የሚቈጠሩ የምስል ነጥቦች ቁጥር።
ጸዳል፦ ከገጹ የሚወጣ፣ በኒት የሚለካ የብርሃን መጠን።
የቀለም ድምቀት፦ ቀለም ከነጭ ወይም ከግራጫ የራቀበት ልክ።
ከለላ፦ በማያ ገጽ ላይ የሚወድቅ ብርሃንን የሚከለክል ጥላ።
የሰንበር ምልክት፦ ልክ ያለፈ ብርሃንን የሚጠቁም ዥጉርጉር ምልክት።
ውክል ቀለም፦ የብርሃን ደረጃዎችን የሚወክል ቀለም።

8. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከቱት ቃላት ጥቂቶቹ በልማድ ተሸንፈው ይቀሩ ይሆናል። ሞኒተርን ከቪዲዮ አንሺው አፍ ለማስጣል መሞከርም አስፈላጊ አይደለም። ዋናው ነገር ተርጓሚው ከስያሜው በፊት ጽንሰ ሐሳቡን እንዲለይ፣ በተለይም በግዥ ዝርዝር ውስጥ «ጥራት» የሚለውን ቃል ብቻውን እንዳያስገባ ነው። «ጸዳሉ ከ1,000 ኒት የማያንስ፣ ከለላ ያለው፣ የሰንበር ምልክት የሚያሳይ» ተብሎ የተጻፈ ዝርዝር አቅራቢውንም፣ ተረካቢውንም በአንድ ሚዛን ይዳኛል። ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያለው አንባቢ ከነምክንያቱ ቢያቀርብ ለቃላቱ መጠናት ይረዳል።