ፍንጭት ማስገጠምና የጥርስ ሽቦ፦ ሕክምና ወይስ ተፈጥሮን መለወጥ?

በእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳም ሆነ መርካቶ፣ ለልጃቸው የጥርስ ሽቦ (ብሬስ) ለማሠራት የሚያስቡ ወላጆችን አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸዋል፤ «ክፍተቱን ማስገጠም አላህ የፈጠረውን መለወጥ አይሆንብንም ወይ?» የሚል። ጥያቄው ከኢማን የመነጨ ነውና በአግባቡ ሊመለስ ይገባል።

ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ለውበት ብለው ጥርሳቸውን በመሞረድ ፍንጭት የሚያወጡ ሴቶች ተወግዘዋል። በአገራችንም ፍንጭት በውበት ስለሚወደስ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢማም ነወዊይ ሐዲሱን ሲያብራሩ፣ ክልከላው ለውበት ሲባል የሚደረገውን እንደሚመለከት፣ ለሕክምና ወይም በጥርስ ላይ ላለ ጉድለት ከሆነ ግን ችግር እንደሌለው ገልጸዋል። ዐርፈጃህ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸውን አጥተው ነበር። ከብር ያሠሩት ሲሸትባቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዋቸዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ2007 እ.ኤ.አ. ማሌዥያ ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ አካልን ወይም መንፈስን የሚጎዱ የተፈጥሮ ጉድለቶችን ማስተካከል እንደሚፈቀድ ወስኗል።

እንግዲህ ሚዛኑ ዓላማው ነው። ማኘክ ወይም መናገር የሚያስቸግር፣ ድድ የሚያቆስል፣ አልያም ልጅቱን አፏን በእጇ እየሸፈነች ከሰው እንድትሸሽ ያደረጋት ጉድለት ሕክምና ይሻል። ማንንም ያልጎዳ መጠነኛ ፍንጭትን ግን ፋሽን ለመከተል ብሎ ከመነካካት መቆጠብ ይሻላል።

ሽቦው እንዴት ይሠራል? ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጫጭን ጅማቶች የተያያዘ ነው። ሽቦው ጥርሱን በስሱ ሲገፋው፣ ወደሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት እየሳሳ ቦታ ይለቃል፤ በኋላው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሞላል። ጥርሱ በወር ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚንቀሳቀስ ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። ሲያበቃም ክፍተቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ማቆያ (ሪቴይነር) ማድረግ ያስፈልጋል።

ወላጆች አትቸኩሉ። በልጆች የላይ ፊት ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት የክራንቻ ጥርሶች ሲወጡ፣ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይገጥማል። በአዋቂ ላይ አዲስ የመጣ ክፍተት የድድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ድዱ ይታከም። ጥርስን ቤት ውስጥ በላስቲክ ማሰር ፈጽሞ አይሞከር፤ ላስቲኩ ድድ ውስጥ ሰርጎ አጥንቱን ይበላል፣ ጤነኛውንም ጥርስ ሊያስነቅል ይችላል።

ሽቦው ውዱእንም ሆነ ጾምን አያበላሽም፤ አፍን እንደተለመደው መጉመጥመጥ ነው። የወይራ መፋቂያ የምትጠቀሙም ጫፉን አለስልሳችሁ በሽቦው ዙሪያ በዝግታ አጽዱ፤ ምግብ እዚያ ተሰንቅሮ ከቀረ ጥርስ ይቦረቡራልና።

ወላሁ አዕለም።